የአንዲት መስመር ዋስ

በዚያን ቀን ጠዋት ስለ ሒሳብ መሠረት ልሰማ ከዳንግላ ተነስቼ እንጅባራ ድረስ ሄድኩና አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ከሰል ስሰማ ቆየሁ። ከሰል መሆኑ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፤ ገብቶኛል። ከሰሉ ምሳሌ መስሎኝ ነው የተቀመጥኩት።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔው ነው። ዩኒቨርሲቲው ያኔ ገና አዲስ ነበር። ግማሹ ሕንጻ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል፣ በየበሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። የበሩ ጥበቃ ጋቢዬን ዳብሶ፣ ዱላዬን አገላብጦ አየና፣ «አባባ፣ ለስብሰባው ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ዛሬ ሁለት ስብሰባ ነው ያለው፤ የእርስዎ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ብዬው አለፍኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው መንገድ ሲነገረው መስማት ክብሩን የሚነካ ይመስለዋል። ሰው በብዛት ወደሚገባበት አዳራሽ ገባሁ። ይህች ሁለተኛዋ ጅልነት ናት፤ ሒሳብ ወዳለበት ክፍል ሰው ተሻምቶ ሲገባ በዕድሜዬ አይቼ የማላውቅ ሰው፣ ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ።

መድረኩ ላይ አንድ ባለሙያ ስለ ዲከረንስ ያስረዳል። ዲከረንስ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ያለውን እርሻ ሁሉ የወረሰው፣ ተተክሎ፣ ተቆርጦ፣ ከስሎ በጆንያ የሚሸጠው ዛፍ ነው። እኔም «ትልቅ ሰው ሲያስተምር ከሚታወቀው ነገር ነው የሚነሳ፤ ቆይቶ ወደ ሒሳቡ ይመጣል» እያልኩ ጠበቅሁ። አልመጣም። ችግኝ አለ፣ ኖራ አለ፣ የአፈር አሲድ አለ። አጠገቤ ሁለት ገበሬዎች በአዊኛ እየተንሾካሾኩ ይሳሳቃሉ፤ የእኔ አዊኛ ግማሽ ስለሆነች እኔም ግማሹን ሳቅሁላቸው። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ዝም ብል ምን ነበረበት? እጄን አወጣሁና፣ «ይህ ያሉት ነገር ወሰን ለሌለው ሁሉ ይሠራል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው ካዩኝ በኋላ፣ «ኧረ ወንድሜ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ማቆየት አያዋጣም» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት።

የእኔ ስብሰባ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ሰዎቹ ሃያ አይሞሉም። በሩ ላይ በተለጠፈች ወረቀት «የዓይነት ንድፈ ሐሳብና የሒሳብ መሠረቶች» ተብሎ ተጽፏል። ስገባ የምትናገረው ለዚህ ስብሰባ የጠራችኝ ልጅ ነበረች። ዳንግላ አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኳት ናት፤ አሁን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ታስተምራለች። ከሳምንት በፊት ደውላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ካልተቀመጡ ድምፄ ይንቀጠቀጥብኛል፤ ይምጡልኝ» ብላኝ ነበር። ለምን እንደሚንቀጠቀጥም ነግራኛለች። ከውጭ አገር የመጡ አንድ ሊቅ አሉ፤ ጉባኤውንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። በሥራቸው ሆኖ ዶክትሬቱን የሚማር አንድ ሰው ይወስዳሉ። አንድ ብቻ። ልጅቱ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ ቀርቶባታል፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ የዕድሜ ገደቡ ያልፍባታል። ሦስት ዓመት የለፋችበትን ሥራ ይዛ የቆመችው ለዚያች አንዲት ቦታ ነው።

የትምህርቱን ነገር በእኔ አፍ ላስረዳ፣ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ። በዚህ ትምህርት ማንኛውም ነገር ዓይነት አለው። ቁጥር ከሆነ ቁጥር፣ ዝርዝር ከሆነ ዝርዝር፤ ዓይነቱን ያልተናገረ ከደጅ አያልፍም። አንድ አባባል እውነት ነው ማለትም ለእሱ የተሠራ ማስረጃ በእጅ አለ ማለት ነው። ማስረጃውን ኮምፒዩተር መስመር በመስመር ይመረምረዋል፤ የተሟላውን ያሳልፋል፣ የጎደለውን ቀይ ያደርገዋል። ኮምፒዩተር ደግሞ ይሉኝታ የለውም። ሽማግሌ ነው፣ ዘመድ ነው፣ የሩቅ አገር እንግዳ ነው አይልም።

ዋናው ሕግ ግን እኔ ከሰል በምማርበት ሰዓት ተነግሮ አልቋል። ኋላ እንደተነገረኝ፣ ሊቁ ጉባኤውን ሲከፍቱ፣ «በዚህ ቤት ‹አለ› የሚል ሰው ያለውን ነገር አምጥቶ ያሳያል። ‹ባይኖር ኖሮ የማይሆን ነገር ይመጣ ነበር፤ ስለዚህ አለ› ማለት እዚህ አይበቃም» ብለዋል። ሌላው የሒሳብ ዓለም ይህን አይከለክልም፤ የእሳቸው ቤት ይከለክላል።

እኔ ይህን አልሰማሁም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ስድስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በዚያችው በተከለከለችው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ መንገዱ ሲጠፋኝ፣ «እስቲ አይደለም እንበል» እላለሁ። ከዚያ ነገሩን እየገፋሁ ገደል አፋፍ አደርሰዋለሁ፤ ሲወድቅ «አያችሁ? እንግዲያው ነው!» ብዬ ጠመኔዬን እጥላለሁ። ተማሪዎቼ ከሩቅ ሲያዩኝ «አይደለም እንበል መጡ» እንደሚባባሉ አውቅ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አልተቀየምኳቸውም። ይህችን ልጅም ያስተማርኳት በዚሁ ነው፤ እንዲያውም ከክፍሉ ሁሉ ጠመኔ አጣጣሌን ሳይቀር የቀዳችው እሷ ናት።

የተቀመጥኩት ኋላ ነው። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የተዘረጋው ሥራዋ ከላይ እስከ ታች ንጹሕ ነበር፤ ሃያ ሁለት መስመር አልፏል። ሃያ ሦስተኛዋ ላይ ቀይ አለ። ያቺ መስመር፣ ከአንድ ክምችት ውስጥ እንዲህና እንዲያ ያለ አንድ ነገር አለ ትላለች። ከእሷ በታች ያለው ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

ሊቁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የትኛው እንደሆነ ገና አላወቅሁም» አለች። «ግን መኖሩ አያጠራጥርም። አይደለም እንበልና...»

የእኔው ቃል ነች። በእንግሊዝኛ ብትለውም ድምፁ የእኔ ነው።

«የትኛው?» አሉ ደግመው፣ በጣም በቀስታ።

በእጇ የያዘችውን ማርከር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

እንግዲህ ነገሩ የገባኝ በእኛ አገር መንገድ ነው። ሁለት ሰዎች ተያይዘዋል። አንዱ «አምጪ» ይላሉ፣ አንዷ «አለኝ» ትላለች፤ መካከል የሚገባ የለም። ክፍሉን ቃኘሁት፤ ከእኔ በቀር ጋቢ የለበሰ የለም። ሽምግልናው የወደቀው በእኔ ላይ ነው አልኩና ተነሳሁ።

እንግሊዝኛ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሦስት ማዕዘንን በእንግሊዝኛ ነው ሳስተምር የኖርኩት። ልመና ግን በእንግሊዝኛ አይመጣልኝም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ ጋቢዬን አደገደግሁ፣ ጎንበስ አልኩ። ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነውና የአገሩ ልጆች በሙሉ አብረውኝ ብድግ አሉ። ሊቁ ጸሎት የተጀመረ መሰላቸው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

«ጌታዬ» አልኩ በአማርኛ፣ «እኔ የዚች ልጅ መምህር ነኝ። ይህች ልጅ ዋሽታ አታውቅም፤ አለ ካለች አለ። ሃያ ሁለቱን መስመር ተቀብለዋታል፤ በአንዲት መስመር ሰው አይቀያየምም። ለእኔ ሽበት ሲሉ ይለፉላት። ካላመኑ ዋሷ እኔ ነኝ።»

ከወጣቶቹ መምህራን አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ። ሽምግልናዬ ሰምሮ ሃያ ሦስተኛዋ መስመር በምሕረት ስታልፍ ታየኝ።

ሊቁ ቀና አሉና ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ምን አሉ?»

እዚህ ላይ ነው ያለቀልኝ። የሚያስተረጉም ሌላ ሰው የሚነሳ መስሎኝ ነበር፤ ከሊቁ አጠገብ የቆመችው፣ ድምፅ ማጉያውንም የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ስለ ራሷ የተለመነውን ልመና ራሷ ልትተረጉመው ነው። «መምህሬ ሰላምታ ያቀርባሉ» ብላ ብታልፈው ማን ያውቅባት ነበር? እኔም በዓይኔ «እለፊው» አልኳት። አላለፈችውም። ቃል በቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችው። ‹ለእኔ ሽበት› የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። አሁን ትዘለዋለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ራሴን በማርከሩ እያሳየች ተረጎመችው።

«ዋስ ማለት እንዴት ያለ ነው?» አሉ ሊቁ። ይህች ቃል ሳትገባቸው ቀርታለች።

«በእኛ አገር የከብት ገበያ» አለች፣ «በሬ ይዞ የመጣ ሰው ብቻውን አይሸጥም። ገዢው ‹በሬው የራስህ ለመሆኑ ዋስህ ማነው?› ይለዋል። ሻጩ ‹ዋስ አለኝ› ቢል አይሰማም። ‹ከሁለቱ ጎረቤቶቼ አንዱ ይሆነኛል› ቢልም አይሰማም። ዋሱ ራሱ መጥቶ... በአካል ቆሞ...»

እዚህ ላይ ድምጿ ቀጠነ። ከእኔ ቀድማ ገብቷታል።

«በአካል ቆሞ መታየት አለበት» ብላ ጨረሰችው። «በሬው የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው ዋሱ ነው።»

ሊቁ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ታዲያ መምህርሽ ከእኔ ጋር ናቸው! ጠዋት የተናገርኩትን ገበሬዎቻችሁ ከእኔ በፊት ያውቁታል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ልክ እኔ እንዳደረግሁት፣ ጎንበስ አሉ። «እንግዲያው ዋስ ከሆኑ መስመሯን እርስዎ ያምጡልን።»

ክፍሉ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። የእሷን ሳቅ ግን ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያ የእሷ ሳቅ አልነበረም።

በሻይ እረፍት ሰዓት አንድ ጥግ ይዛኝ ሄደች። ዳቦ በእጄ ይዤ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከሰል ላይ።»

«ምን ላይ?»

ነገርኳት። አምስት ዓመቱንም ነገርኳት። ግድግዳውን ተደግፋ በእውነት ሳቀች፤ ያ የእሷው ሳቅ ነበር። ከዚያ በሳቅ ያነባ ዓይኗን ጠርጋ፣ ጠዋት የተባለውን ሕግ አስረዳችኝ።

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ‹አይደለም እንበል› አልሽ?» አልኳት።

«አፌ ላይ መጣብኛ! ማን ነው ያስለመደኝ?» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እኮ ጊዜ ስጡኝ ልል ነበር፣ ጋሼ። እርስዎ ምሕረት ጠየቁልኝ» አለችኝ።

ምሕረት የተጠየቀለት ሰው ጥፋተኛ ነው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ስንት ዓመት በሽምግልና የተቀመጥኩ ሰው ላውቀው ይገባ ነበር። ዳቦዬን ነከስኩ። ስጨነቅ መብላት ልማዴ ነው።

ሊቁ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሳትጠይቃቸውም ጊዜውን ሰጧት። ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የሚወስዱትን ሰው ስም ማሳወቅ አለባቸው። እስከዚያ ሃያ ሦስተኛዋ መስመር ከሞላች ሥራዋ ከሁሉ ይበልጣል፤ ካልሞላች ግን ባዶ ቦታ ያለበትን ማስረጃ ይዘው ስሟን መጻፍ አይችሉም።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷን እንኳ አላቆመችም።

«ለሰው ዋስ አትሁን ብዬህ አልነበር?» አለችኝ።

«በሬ አይደለም እኮ፤ መስመር ናት።»

«በሬ ቢሆን ይሻልህ ነበር። በሬ ይገዛል።»

እውነቷን ነው። ቀጥሎ በነበሩት ሦስት ቅዳሜዎች ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ በሚኒባስ እንጅባራ ተመላለስኩ። ሾፌሩ ለሕክምና የምመላለስ መስሎት የፊቱን ወንበር ይለቅልኝ ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ አንዳንዴም «ተገኘች!» ብዬ ብድግ እላለሁ። ቢሮዋ ስደርስ ያመጣሁትን ላፕቶፕዋ ላይ ትጽፈዋለች። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን እንጠብቃለን። ቀይ።

«እዚህ ጋ፣ ጋሼ» ትላለች በጣቷ እየነካች።

«ይህች ደግሞ ምንድን ናት? አይደለም የሚል ቃል እንኳ የለባት!»

«ያችው ‹አይደለም እንበል› ናት። ልብስ ቀይራ ነው የመጣችው።»

እውነትም ያችው ናት። በአንዱ ቅዳሜ ከተከታታይ ቁጥሮች መካከል ተደብቃ መጣች፣ በሌላው ከአንድ ያረጀ የመማሪያ መጽሐፍ በገለበጥኩት አባባል ውስጥ ገብታ። የት እንደገባች እኔ አላያትም፤ ከእጄ እንደወጣች ግን ኮምፒዩተሩ ያያታል። በሦስተኛው ቅዳሜ ቀዩ ሲመጣ ልጅቱ ወንበሯ ላይ ደገፍ ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ‹አይደለም› ሳይሉ ሰላምታም አይሰጡም» አለችኝ።

«አይደለም፣ እሰጣለሁ» አልኳት።

ሁለታችንም ሳቅን። በመስኮቱ የተማሪዎች ልብስ ተሰጥቶ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ የእንጅባራ ጉም ሜዳውን ይዞታል። የእሷም ሙከራዎች አንድ በአንድ እንዳላዋጡ ያን ቀን ነገረችኝ። ቀን ቀን አራት ክፍል ታስተምራለች፣ የፈተና ወረቀት ታርማለች፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ለያቺ መስመር ሰጥታለች። ከስታለች። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ለተማሪ ያልሰጠሁት ምክር አልነበረም፤ ያን ቀን የሰጠኋት ምክር «ምሳ ብዪ» የሚል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን በጆሮዋ ሹክ አልኳት፤ አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። «መስመሯን እንደተረጋገጠች አድርገሽ ብትልኪላቸው፣ ያን ሁሉ ወረቀት ማን ያገላብጠዋል?» አልኳት። አልተቆጣችም። እንዲያውም እንደ ሕመምተኛ ሰው አየችኝ።

«ኮምፒዩተሩ ያገላብጠዋላ» አለች። ቀጥላም፣ «እኔም» አለች።

ቅበላ ሊገባ ሲል፣ ዓርብ ዕለት፣ ለሊቁ ጻፈችላቸው። የጻፈችውን ኋላ አሳይታኛለች፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሃያ ሁለቱ መስመር እንደቆመ ነው፤ ሃያ ሦስተኛዋን ማምጣት አልቻልኩም፤ ስለ ሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልጻፈችም።

መልሱ በመጣ ቀን ደወለችልኝ። ዳንግላ ገበያ መካከል ነበርኩ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ድምጿ እየመጣ ይሄዳል። በአንድ እግሬ ድንጋይ ላይ ቆሜ ስልኩን ወደ ላይ አንስቼ፣ «እህ? እህ?» እላለሁ። ሰው መንገድ እየለቀቀ ያልፈኛል።

«...ሌላ ሰው... ወሰዱ...» አለች። ከዚያ ጠፋች። ከዚያ እንደገና መጣች፣ አሁን ጥርት ብላ። «አልሆነም፣ ጋሼ። አይዞዎት።»

አይዞሽ ልላት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አልገባም አለ። ቆሜ ሞከርኩ፣ ሄድ ብዬ ሞከርኩ፣ ከፍ ወዳለው ዳገት ወጥቼ ሞከርኩ። እንዲህ ሆኖ፣ ያጣችው እሷ፣ የተጽናናሁት እኔ።

እሷ እስከዛሬ እዚያው ታስተምራለች። የዕድሜ ገደቡ አልፎ፣ ያንን ሥራ መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ ሌላ ጀምራለች። አሁን ስታስተምር ‹አለ› ያለ ተማሪ ሁሉ ‹የትኛው?› እንደሚባል ልጆቹ ነግረውኛል፤ የማይወዱላት ይህችን ብቻ ነው አሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። ስለ ጉልበቴ ትጠይቃለች፣ ስለ ባለቤቴ ትጠይቃለች፣ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ትጠይቃለች። ስለ መስመሯ ግን አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። የተጠየቀ ዋስ ይከራከራል፣ ቀጠሮ ይለምናል፣ ‹ሻጩ ራሱ ይጠየቅ› ይላል። ያልተጠየቀ ዋስ ምን ይላል? ማለዳ ማለዳ ፊቴን ታጥቤ፣ ዓይኔ እስከፈቀደልኝ ድረስ ደብተሬ ላይ አጎነብሳለሁ። እጀምራለሁ፤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ያች አሮጌ ልማዴ ልብስ ቀይራ ትመጣለች፤ አሁን አሁን ኮምፒዩተሩ ሳያይብኝ እኔው አያታለሁ፣ እሰርዛታለሁም። ከዚያ ወዲያ የምጽፈው ይጠፋኛል። በሰው ፊት ቆሜ ዋስ የሆንኩባትን ያቺን አንዲት መስመር እስከዛሬ አላመጣሁላትም።